አባባ የሸመኑት ኬሚስትሪ

ሰሞኑን አንድ የተማሩ ሰው በሬዲዮ ቀርበው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች በኬሚስትሪ ትምህርት ለምን እንደሚወድቁ ሲያስረዱ ሰማሁ። ድምፃቸው ደስ ይላል። የቤተ ሙከራ እጥረት አሉ፤ የመምህራን ብቃት አሉ፤ የወላጆች የትምህርት ደረጃ አሉ፤ የተማሪው ዝንባሌም አሉ። እኔም ሻዬን ይዤ «እሺ፣ ቀጥሉ» እያልኩ ስጠብቅ ስጠብቅ ፕሮግራሙ አለቀና ዘፈን ገባ። መስኮትን ሳያነሱት ቀሩ። ካድሬንም አላነሱም። ሽመናንማ ማን ያስታውሳቸው! እኔ የማውቀው አንድ ሙሉ ክፍል ኬሚስትሪ የወደቀው በሽመና ምክንያት ነው። ሸማኔው ደግሞ አባቴ ናቸው።

ከመስኮቱ ልጀምር። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ትምህርት ቤታችን ጉለሌ፣ ወደ ቁስቋም የሚወስደው ዳገት ከመጀመሩ በፊት ነበር። የእኔ መቀመጫ በመስኮቱ በኩል፣ መስኮቱ ደግሞ ቀጥ ብሎ የሚያየው እንጦጦን። ጠዋት ጠዋት ጉሙ ከባሕር ዛፉ መሐል ቀስ ብሎ ይወርድና አንዳንድ ቀን አጥራችንን ተሻግሮ የኳስ ሜዳውን ግማሽ ይሸፍነዋል። ከጉሙ ውስጥ አንዲት አህያ ብቅ ትላለች፤ መጀመሪያ ጆሮዋ፣ ቀጥሎ ጭነቷ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ባለቤቷ። ባለቤቷ እስኪመጣ መጠበቅ አለብኝ እንግዲህ፤ አህያዋን ብቻዋን ትቼ ወደ ጥቁር ሰሌዳው አልዞርም። እንዲህ ካለ መስኮት አጠገብ የተቀመጠን ልጅ ኤሌክትሮን ቁጠር ማለት ግፍ ነው።

ቤተ ሙከራ አልነበረንም ብል ውሸት ይሆንብኛል። ክፍሉ ነበረ። በሩ ላይ «ላቦራቶሪ» ተብሎ ተጽፎ ውስጡ የተሰበሩ ወንበሮች ተከምረውበታል። ስለዚህ የኬሚስትሪ መምህራችን ቲቸር ደምሴ ሙከራውን ሁሉ በባዶ እጁ ነበር የሚሠራልን። ጣቶቹን ሰብሰብ አድርጎ ወደ ላይ ያነሳና «ይኸው ቴስት ቲዩቡን ይዣለሁ፤ አያችሁት?» ይላል።

«አየን!»

«አሁን ጠብ አደርግበታለሁ… ጠብ… ጠብ… ምን ሆነ?»

«ሰማያዊ!» ይላል ክፍሉ በአንድ ድምፅ፤ ታላላቆቻቸው ነግረዋቸው። እኔ ግን ከልቤ አይ ነበር። አረንጓዴ ሲሆን አይቼ አረንጓዴ ብዬ ጽፌ ኤክስ ተደርጎብኛል። እንዲያውም አንድ ቀን ቲቸር ደምሴ የያዘው ነገር ሊፈነዳ ሲል ታይቶኝ ዴስክ ሥር ገብቻለሁ። በዚያ ቤተ ሙከራ ከልቡ ያመነ ተማሪ ቢኖር እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ከክፍሉ የመጨረሻውን ውጤት የማመጣውም እኔ ነበርኩ።

ቀልዱ ቀልድ ነው እንጂ ነገሩ ግን አያስቅም ነበር። አሥራ አንደኛ ክፍልን እየደገምኩ ነው። የጣለኝ ኬሚስትሪ ነው። ክፍል ደግሞ የወደቀ ይሰናበታል። የተሰናበተ ወንድ ልጅ ሥራ ፈት ይባላል፤ ለብሔራዊ ውትድርና ሰው ሲፈለግ ቀበሌው መጀመሪያ ትዝ የሚለው ደግሞ ሥራ ፈቱ ነው። የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ልጅ እንደዚያ ሄዶ ወሬው ጠፍቷል። እማዬ ያን ሰሞን ኬሚስትሪን በስሙ መጥራት ትታ «ያ ነገር እንዴት ሆነልህ?» ነበር የምትለኝ፣ ስለ በሽታ እንደምትጠይቅ ሁሉ። እፈራ ነበር። በጣም እፈራ ነበር፤ ስፈራ ደግሞ ወደ መስኮቱ አያለሁ።

አሁን ወደ ሠንጠረዡ እንምጣ። ኬሚስትሪን ላልተማረ ሰው፦ ዓለም የተሠራባቸው ንጥረ ነገሮች በሙሉ በየሳጥናቸው ሆነው የሚደረደሩበት አንድ ትልቅ ሠንጠረዥ አለ። ቅርፁ ግን ትንሽ ግራ ያጋባል። ከላይ በኩል ግራና ቀኙ ብቻ ከፍ ብሎ መሐሉ ሰፊ ባዶ ቦታ ነው። ከታች ደግሞ ሁለት ረድፎች ከዋናው ተነጥለው ለብቻቸው ይቆማሉ። ማን የት እንደሚቀመጥ ያላወቀ ኬሚስትሪን አያልፍም።

ክፍላችን አንድ ትልቅ የወረቀት ሠንጠረዥ ነበረው። ለአብዮት በዓል ትልልቅ ወረቀት ከከተማው ጠፋ ተባለና የቅስቀሳ ኮሚቴው ወስዶ ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም «ድህነትን በምርት እንደመስሳለን!» ብሎ ጻፈበት። ከበዓሉ በኋላ ተመለሰልን፤ የተሰቀለው ግን መፈክሩ ወደ እኛ፣ ሠንጠረዡ ወደ ግድግዳው ሆኖ ነው። ገልበጥ ማድረግ ነበር። ማን ይገልብጠው? የመፈክርን ፊት ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ምን እንደሚደርስበት የሚያውቅ አልነበረም፤ ለማወቅ የቸኮለም አልነበረም። ቲቸር ደምሴ አንዳንዴ ይረሳና በዱላው እየጠቆመ «ሶዲየም እዚህ ጋ ነው» ይላል፤ ዱላው «ድህነትን» የሚለው ላይ ያርፋል። እኛም እንጽፋለን።

በመጨረሻ ሰለቸውና «ሌላ ሠንጠረዥ ሠርቶ የሚያመጣልን ማነው?» ብሎ ጠየቀ።

በዚያች ሰዓት እኔ እንጦጦ አናት ላይ ቆሜ ጉሙን እንደ መጋረጃ በእጄ ገለጥ እያደረግሁ ወደ ታች ከተማውን ሳይ ነበር። ከጉሙ ስመለስ ቀኝ እጄ ከፍ እንዳለ ነው፤ ክፍሉ በሙሉ ዞሮ ያየኛል።

«አንተ ነህ?» አለ ቲቸር ደምሴ። ዓይኑን ማመን አልቻለም። «ጎሽ! ጎሽ የኔ ልጅ!»

ያን ዓመት «ጎሽ» ሲባልልኝ የመጀመሪያዬ ነው። እንዴት ብዬ አይደለም እላለሁ?

ቤታችን ሽሮ ሜዳ ነው። አባባ የሽመና ጉድጓዳቸው ውስጥ እግራቸውን ከትተው ሲሠሩ ደረስኩና ትልቅ ወረቀት ከየት እንደሚገኝ ጠየቅኋቸው።

«ለምንህ ነው?»

መጽሐፉን አውጥቼ አሳየኋቸው። መጽሐፍ ለአምስት ተማሪ አንድ ነበር የሚታደለው፤ ሠንጠረዡ ያለበት ገጽ ሳይቀደድ የቀረው ደግሞ የእኛ ቡድን መጽሐፍ ላይ ብቻ ነው። አባባ እጃቸውን በጋቢያቸው ጠርገው ገጹን ብዙ አዩት። ወደ ብርሃኑ ዞር አደረጉት።

«ይሄ እኮ ጥለት ነው» አሉ። «ወረቀት ምን ያደርግልሃል? ነገ ይቀደዳል። እኔ እሸምንልሃለሁ።»

«አባባ፣ ፊደሉ የእንግሊዝ ነው።»

«ቢሆንስ? ለቀበሌው መፈክር የሸመነለት ማነው? የመሠረተ ትምህርት ሰርተፊኬት ያለኝ ሰው ነኝ እኮ! እንዳየሁት አወጣዋለሁ። አንተ ብቻ ተራውን ጥራልኝ። ከትልቁ ግርጌ ነው የምንጀምረው፤ እነዚያን የተነጠሉትን ሁለት ረድፎች በኋላ እናያቸዋለን።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ መጽሐፉን ጭኔ ላይ ዘርግቼ እጠራለሁ፤ እሳቸው መወርወሪያውን ይወረውራሉ። «ባሪየም» እላለሁ፤ ጧ። «ሲዚየም» ጧ። አባባ ደግሞ ማንንም ሳያውቁት አያልፉም።

«ይሄ ምን የሚሠራ ነው?»

«ወርቅ ነው፣ አባባ።»

«ወርቅ! ወርቅን እንዲህ ከሰው መሐል ወሽቀውት?» ለወርቅ ቢጫ ክር ፈለጉለት። ሜርኩሪን ብረት ሆኖ እንደ ውሃ የሚፈስ ነው ብላቸው «እሱን ሰው ብለህ አትመነው» ብለው ጠርዙን ጠበቅ አድርገው አሰሩት። ብረትን በጥቁር፣ መዳብን በቀይ። ምላሳቸውን ለክር ማርጠቢያ አውጥተው፣ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው፣ ሲጠሩ የሰሙትን ስም በለሆሳስ እየደገሙ ሲሸምኑ ሳያቸው ኬሚስትሪ መሆኑን እረሳለሁ።

ትምህርቱ ገባኝ አልላችሁም። ሰፈሩን ለመድሁት እንጂ። ዓይኔን ስጨፍን ያ ገጽ እንደ ቁስቋም ዳገት ይዘረጋልኛል፤ በየሳጥኑ በር አለ፣ በየበሩ ሰው ቆሟል። ከካልሲየም ደጅ ተነስቼ ወደ ቀኝ ስሄድ ስካንዲየምን ሰላም እላለሁ፤ ቲታኒየም ቀና ብሎ ያየኛል። ላይኛው ሜዳ ባዶውን ነው፤ ጉም ብቻ ይመላለስበታል። በዚያ ሰፈር ማንም ስለ ውጤቴ አይጠይቀኝም ነበር።

ጨርቁ እየተሸመነ ስለሚጠቀለል ያለቀውን አላየውም። ላይኛው ክፍል ብቻ ሲቀር አንድ ቅዳሜ ወጣት ማኅበሩ ለችግኝ ተከላ ዘመቻ እንጦጦ ይዞን ወጣ። መጽሐፉን ለአባባ ትቼላቸው ሄድኩ። ቀኑን ሙሉ በጭቃ ችግኝ ስተክል፣ መትከል እንኳ አልለውም፣ ችግኝ ይዤ ቆሜ ሳስብ ዋልኩና ማታ ስመለስ ጨርቁ አልቆ፣ ተቆርጦ፣ ታጥፎ በነጠላ ተጠቅልሏል።

«በዚህ እጅህ እንዳትነካው!» አለች እማዬ።

እንዳልነካሁት ሰኞ ጠዋት ለቲቸር ደምሴ አስረከብኩት። ይኸው ነው የሆነው።

የዚያን ቀን ደግሞ፣ አይ የእኔ ዕድል፣ ከቀበሌዎቹ በላይ ካለው ከከፍተኛው ጽሕፈት ቤት አንድ ካድሬ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኝ መጥቶ ከዳይሬክተሩ ጋር ክፍላችን ገባ። ሁለት ልጆች ጨርቁን ጫፍና ጫፍ ይዘው ሲዘረጉት ክፍሉ «ውይ!» አለ። ያ ነጭ ሸማ፣ ያ የክር ቀለም፣ ያ ሁሉ ሳጥን! ካድሬው መነጽሩን አወለቀ። ቲቸር ደምሴ ግን ዓይኑ መጀመሪያ ወደ ጨርቁ ላይኛው ጫፍ፣ ቀጥሎ ወደ ታችኛው፣ እንደገና ወደ ላይኛው ሄደና አፉን ከፈተ።

እኔ ያን ጊዜ ልብ አላልኩትም፤ እናንተ ግን እወቁት። ከታች ለብቻቸው ይቆሙ የነበሩት ሁለት ረድፎች ጨርቁ ላይ የሉም። አባባ አንስተዋቸው ላይ ባዶው ሜዳ ውስጥ አስገብተዋቸዋል። ከሃይድሮጅን እስከ ሂሊየም ግጥም ብሎ ሞልቷል። በተረፈችው ቦታ ላይ ደግሞ አበባ ጥለውባታል።

ቲቸር ደምሴ ቃል ሳያወጣ ካድሬው አጨበጨበ። ካድሬ ካጨበጨበ ዳይሬክተር ያጨበጭባል፤ ዳይሬክተሩ ሲያጨበጭብ እኛ በእግራችንም ጭምር መታን።

«ይህ የሰፊው ሕዝብ ጥበብ ነው!» አለ ካድሬው። «ይሰቀል! ተማሪው ሁሉ ከዚህ ይማር!» ቀረብ ብሎ በቀኝ ዳር ላይ የተሰለፉትን በጣቱ ነካ አደረገ። «እነዚህ እነማን ናቸው?»

«ኖብል… ማለቴ፣ ሰነፍ ጋዞች ናቸው፣ ጓድ» አለ ቲቸር ደምሴ፣ ኖብል መኳንንት ማለት መሆኑ ትዝ ብሎት። «ከማንም ጋር አይዋሐዱም።»

«ታዲያ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

«እንዲታወቁ ነው፣ ጓድ።»

ካድሬው ራሱን ነቀነቀ። ቲቸር ደምሴም የከፈተውን አፍ ዘጋው፤ ጨርቁ ከመፈክሩ ፊት ለፊት ተሰቀለ። ከዚያ ወዲያ ሲያስተምር ፊቱን ከጨርቁ አዙሮ ነበር። ልጆቹ ግን ያን የመሰለ ነገር ተሰቅሎላቸው እንዴት አያጠኑት! ባዶ ክፍለ ጊዜ ላይ በዜማ እየተቀባበሉ በቃላቸው ያዙት። እኔ አላጠናሁም። አውቀዋለሁ ብዬ ወደ መስኮቴ ተመለስኩ።

ሰኔ ላይ ፈተናው መጣ። ፈተናው ለሁሉም ትምህርት ቤት ከበላይ የተዘጋጀ ነው፤ ከነመልሱ ታሽጎ ነው የመጣው። ትልቁን ማርክ የያዘው ጥያቄ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሠንጠረዡን ከነቦታው ሥሩ! ክፍሉ በደስታ አጉረመረመ። ጨርቁ ለፈተናው ተነስቷል፤ ግን ማን ፈልጎት። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ዳገቱን ወጣሁ፤ በየበሩ ያለውን ሰላም እያልኩ ጻፍኩ።

ወረቀቱ ሲመለስ ክፍሉ በሙሉ በዚያ ጥያቄ ዜሮ ሆነ። እኔ ሙሉ ማርክ! ወረቀቱን ገልብጬ የማን እንደሆነ አየሁ። ስሜ ነው። ደስታዬን ገና ሳላጣጥማት የክፍል አለቃችን ተነሳ።

«ጓድ መምህር! ይህ አሻጥር ነው! ጨርቁን ያመጣው እሱ፣ ብቻውን ልክ የሆነው እሱ!»

አሻጥር የምትለዋ ቃል በዚያን ዘመን ከተጠራች ሳትበላ አትመለስም። በማግስቱ ዳይሬክተሩ ክፍላችን መጥቶ ስብሰባ ተቀመጠ። አባባም ተጠርተው መጡ። የበዓል ጋቢያቸውን ለብሰው ነበር፤ የተጠሩት ሊመሰገኑ መስሏቸዋል። ጨርቃቸውን ግድግዳው ላይ ተመልሶ ተሰቅሎ ሲያዩ ፈገግ አሉ።

ዳይሬክተሩ ላቡን ጠረገ። «ጓዶች፣ ነገሩ ከባድ ነው። ፈተናው ከላይ ነው የመጣው። ጨርቁም ከላይ ተመስግኗል። ሁለቱም ከላይ ናቸው። ስለዚህ ጥፋተኛው ከታች መሆን አለበት ማለት ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ተናገር። ጨርቁ ልክ ከሆነ ያንተ መልስ ስህተት ነው፤ ወድቀሃል። ጨርቁ ስህተት ከሆነ ደግሞ የሠራው ሰው በአሻጥር ይጠየቃል። የቱ ነው ልክ?»

አባባን አየኋቸው። ጣቶቻቸው ማግ እንዳረፈባቸው ናቸው። በሕይወቴ ያን ቀን ያህል አባቴን ወድጄ አላውቅም፤ ያን ያህልም ፈርቼ አላውቅም። የእትዬ አስካለ ልጅ ትዝ አለኝ፤ እማዬም ትዝ አለችኝ። ወደ መስኮቱ ልመልከት ብል ዓይኔ እንቢ አለኝ።

«ጨርቁ ነው ልክ» አልኩ።

ክፍሉ በእፎይታ ተነፈሰ። ቲቸር ደምሴ ዓይኑን ጨፈነ።

«ይዋሻል» የሚል ድምፅ ተሰማ። አባባ ተነስተው ቆመዋል። «ልጄ ይዋሻል። መጽሐፉ ላይ ያለው እሱ እንደጻፈው ነው። ያዛወርኳቸው እኔ ነኝ።»

«ለምን አዛወሯቸው?» አለ ዳይሬክተሩ።

«ጌታዬ…»

«ጓድ!» ሲል የክፍል አለቃው አረማቸው።

«ጓድ ጌታዬ፣» አሉ አባባ፣ «እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር? ላይ ቤት ያን የሚያህል ቦታ ባዶውን ተቀምጧል፤ ጥግና ጥጉን የያዙ ጥቂት ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉበት። ታች ደግሞ ያ ሁሉ ሰው ደጅ ተሰልፎ ቆሟል። እኔ ኬሚስትሪ አላውቅም። ግን ያንን እያየሁ ዝም ብዬ መሸመን አቃተኝ። አስገባኋቸው።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩበት። «ደግሞም ያን ያህል ትርፍ ቦታ ቀበሌ ካየው ይወርሰዋል ብዬ ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር በስብሰባ ላይ አይባልም። ሁላችንም የዳይሬክተሩን ፊት ብቻ ነው የምናየው። የዳይሬክተሩ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ጉንጩ ተነፋ፤ ከዚያ አመለጠው። ሳቀ። ጠረጴዛውን ይዞ እስኪያለቅስ ሳቀ። ክፍሉም ፈቃድ ያገኘ መስሎት ፈነዳ፤ የክፍል አለቃው እንኳ በእጁ አፉን ይዞ ጎንበስ አለ። አባባ ብቻ ምኑ እንዳሳቀን አልገባቸውም።

ዳይሬክተሩ ዓይኑን ጠርጎ ሲያበቃ «አሁን እኔ ይሄን ለከፍተኛው ምን ብዬ ነው የማስረዳው?» አለ።

ቲቸር ደምሴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከተደገፈው ግድግዳ ተላቀቀ። «የሚያስረዱት ነገር የለም። ስህተቱን ያየሁት የተሰቀለ ቀን ነው፤ ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ሌሎቹን ሰኞ እንደገና ልፈትናቸው። ይሄ ልጅ ግን አልፏል።»

«ጨርቁስ?»

«ይውረድ።»

«ከጠየቁ ለመታጠብ ነው የወረደው እንላለን» አለ ዳይሬክተሩ። ስብሰባው በዚሁ ተዘጋ።

ከአባባ ጋር ወደ ሽሮ ሜዳ በእግራችን አዘገምን። ካፊያ ነበር፤ ጉሙ ከላይ ወርዶ መንገዱን ይዞታል፤ ከፊታችን የሚሄዱ ሰዎች እየደበዘዙ ይጠፋሉ፤ ከኋላ የሚመጡትም በድምፃቸው ብቻ ነው የሚታወቁት። አባባ ጨርቁን እንዳይረጥብ ጋቢያቸው ውስጥ ሸጉጠውታል። ማለፌን ለእማዬ እንዴት አድርጌ እንደምነግራት እያሰብኩ፣ በዚያ ጉም ውስጥ እግሬ መሬት የነካ አልመሰለኝም።

«ለእኔ ብለህ ነው የዋሸኸው?» አሉ አባባ ሳያዩኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ሁለተኛ እንዳትዋሽልኝ። አንተን ወስደውህ እኔ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቁጭ ብዬ ጥለት የምጥል ይመስልሃል?» ድምፃቸው ሰለል አለ።

ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ቆም አሉና ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ጨርቁን አዩት።

«ያምራል ግን፣ አያምርም?»

«በጣም ያምራል» አልኳቸው። ይሄን ስል አልዋሸሁም።